ስለ አልነሣች መኪናና ስለ ቸኮለ ፍርድ

ሰው በባልንጀራው ላይ ሊፈርድ ሲቀመጥ፣ ነገሩን ሰምቶ፣ መርምሮ፣ ማስረጃውን አይቶ እንዲፈርድ ሕግም ልማድም ያዝዛል። ይህን የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። ዳሩ ግን ማወቅ ሌላ፣ ያወቁትን መሥራት ሌላ ነው። እኔም ይህን የምጽፈው ሌላውን ለማስተማር ብዬ ሳይሆን፣ በሽማግሌነት ተጠርቼ ስሄድ በመንገድ ላይ እኔው ራሴ ያለ ምስክር የፈረድሁትን ፍርድ ለአንባቢ ለመግለጥ ነው። ከስሕተቴም የመለሰኝ ሊቅ ወይም ዳኛ አይደለም፤ አንዲት አሮጌ መኪናና እጁ በዘይት የጠቈረ አንድ መካኒክ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በጥር ወር በአንኮበር ከሚኖሩ ዘመዶቼ መልእክት ደረሰኝ። አጎቴ ካረፉ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብለው ሁለት በሬዎች ሸጠው ነበርና፣ ኋላ ቢፈለግ የበሬዎቹ ገንዘብ ከቤት ታጣ። ከፊተኛይቱ ሚስታቸው የተወለዱት ልጆች፣ ገንዘቡን የሸሸገች የእንጀራ እናታችን ናት ብለው ተነሡ። ሴትዮዋም ከቶ አላየሁም ብላ ትምላለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽምግልና እንዲያልቅ ስለ ተፈለገ፣ ቅዳሜ ከጧቱ በ4 ሰዓት ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር እንድገኝ ለመኑኝ፤ እኔም እሺ አልሁ። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ ገና ከአዲስ አበባ ሳልነሣ ፍርዱን በልቤ ጨርሼው ነበር። ሴትዮዋ ወጣት ናት፤ በቤቱ የቆየችው ጥቂት ዓመት ነው፤ የሣጥኑም ቁልፍ በእርሷ እጅ ነበር። እንግዲህ ሌላ ማን ሊወስደው ይችላል? ብዬ ወሰንሁ።

መኪናዬ ዕድሜዋ የገፋ፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ ዛሬ የሚመጡት መኪኖች ያላቸው የኤሌክትሪክ ብልሃት ያልደረሰላት ባለ ካርቡራቶር ናት። ካርቡራቶር የሚባለው ቤንዚኑን እንደ ጉም በትኖ ከአየር ጋር እየቀላቀለ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ ነው። ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት የሳልባትዮዋ፣ ማለት የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ፣ ክዳን ጠፋ። አዲስ ክዳን እስክገዛ ድረስ ሌባ ቤንዚኔን እንዳይቀዳብኝ ሠጋሁና፣ አፉን በወፍራም ላስቲክ ሸፍኜ፣ ከአሮጌ ጎማ በቆረጥሁት ጠፍር ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ አጥብቄ አሰርሁት። በሥራዬም ደስ አለኝ።

ዐርብ ጧት የእኅቴን ልጅ ገንዘብ ሰጥቼ፣ መኪናይቱን ወስዶ ቤንዚን እንዲያስሞላ ላክሁት። ይህ ልጅ ዕድሜው ሃያ ዓመት የሆነ፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ለሥራ የማይሰንፍ ነው። ብዙ ሰዓት ተሰልፎ አስሞልቶ መጣ። የሳልባትዮውን አፍ ባየሁ ጊዜ ግን ላስቲኩን ላላ አድርጎ አስሮት አገኘሁ። «እንዲህ ያለ አስተሳሰር ለሌባ በር መክፈት ነው» ብዬ ገሠጽሁትና፣ በገዛ እጄ እንደ ፊተኛው አጠበቅሁት። ከቀትር በኋላም ሁለታችን ጉዞ ጀመርን።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሸኖን እስክናልፍ ድረስ መኪናይቱ እንደ ልማዷ ሄደች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ወደ ተወለዱበት ወደ አንጎለላ አገር ስንቃረብ ግን፣ እንደሚያስነጥሰው ሰው ትንገጫገጭ ጀመር። ነዳጅ መስጫውን ብረግጠውም ኃይል አጣች፤ በመጨረሻም ከመንገዱ ዳር ቆመች። ሩብ ሰዓት ያህል ካረፍን በኋላ ተነሣችና፣ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ሄደች። ይህ ነገር አንድ ታላቅ ምስክርነት ነበር፤ እኔ ግን መምሸቱን እንጂ ምስክርነቱን አላሰብሁም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በሰማይ ላይ ብርሃን ከታየ በኋላ የቈረቈሯት ስለሆነ፣ ስሟ ከዚያ መጣ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተሠራባትም ያለ ነገር አይመስለኝም፤ በኅዳርና በጥር መካከል ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት፣ ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይታያልና። እኛም ያደርነው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ቅዳሜ ከጧቱ በ12 ሰዓት ጋቢዬን ደርቤ ወጥቼ ቁልፉን ባዞርሁ ጊዜ፣ መኪናይቱ ፈጥና ተነሣች። ደስ አለኝ፤ ነገር ግን አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ ለመጨረስ የማይበቃ ጊዜ ሠርታ ጠፋች። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ደጋግሜ ባዞር ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። በ4 ሰዓት አንኮበር መድረስ አለብኝ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቁኛል፤ መንገዱም ገና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል።

ያን ጊዜ ቍጣ ያዘኝ። ትናንት ጧት መኪናይቱ ደኅና ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ የነካት ይህ ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የገንዘቡን እኩሌታ በልቶ፣ ውሃ የተቀላቀለበት ርካሽ ቤንዚን ከመንገድ ዳር ገዝቶ አምጥቷል ብዬ ቈረጥሁ። በማደሪያ ቤቱ ሰዎችም ፊት እንዲሁ ብዬ ተናገርሁት። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ያስሞላሁት ከማደያው ነው፤ ደረሰኙም ይኸው» ብሎ ከኪሱ አንዲት ወረቀት አወጣ። እኔ ግን «ደረሰኝ መች ይጠፋል!» ብዬ ፊቴን አዞርሁ። እርሱም ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ከኪሱ ከተተና፣ አንድ ቃል ሳይመልስ ወደ መነኸሪያው መንገድ ሄደ።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ነገር እንደ ነበረ አንባቢዎች ታውቃላችሁ። ገንዘብ የጠፋበት ሰው ሌባሻዩን ይጠራል፤ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ አጢሰውበት፣ በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ ልጁም እየተንገዳገደ ሮጦ ከማን ቤት ገብቶ ቢወድቅ፣ ያ ቤተ ሰብ ዕዳውን ይከፍላል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን በዚያ ጧት እኔ ያደረግሁት ከዚህ በምን ይለያል? የቍጣ ጢስ ራሴን አዞረው፤ ተንገዳግጄም አጠገቤ በነበረው ልጅ ላይ ወደቅሁ።

የማደሪያ ቤቱ ዘበኛ ነገሩን አይቶ ኖሮ፣ በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ሸምገል ያለ መካኒክ ጠርቶ አመጣልኝ። ሰውዬው ሙያውን የተማረው በወረራው ዘመን በጣሊያኖች ጋራዥ ከሠራ መምህር ነው። መቼም የዚያን ዘመን ሰዎች አገሩን ለቀው ሄደዋል፤ ቃላቸው ግን በመካኒኮቻችን አፍ ላይ ቀርቷል። ሳልባትዮ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፊልትሮ፣ ካቻቢቴ የሚሉን ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው።

«ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል» አልሁት፤ ገና ሳይቀመጥ።

«ማን ነገረዎ?» አለኝ።

«ማን ይነግረኛል! ያስሞላው ልጅ ነው እንዲህ ያደረገው።»

«ልጁን ኋላ እንሰማዋለን ጌታዬ፤ አሁን መኪናይቱን እንስማት» አለና ኮፈኑን ከፈተ። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፦ «መኪና ለመነሣት ሦስት ነገር ትሻለች፤ እሳት፣ አየርና ቤንዚን። አንዱ ሲጐድል ሁሉም የጐደለ ይመስላል። ስለዚህ አንድ በአንድ ነው መጠየቅ።»

በመጀመሪያ ቁልፉን እንዳዞር አዘዘኝና ጆሮውን ሰጥቶ አደመጠ። ሞተሪኖው ሞተሩን በኃይል ያዞረዋል። «ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ ነገር ግን ባትሪዎ አልደከመም። እርሱ ነጻ ነው» አለ። ሁለተኛም አንዷን ካንዴላ ፈታና ከሽቦዋ ጋር አያይዞ፣ የብረት ገላዋን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ፣ እንደገና ቁልፉን እንዳዞር ነገረኝ። ይህንንም ከማድረጉ በፊት ቤንዚን የነካውን ጨርቅ ሁሉ አርቆ አስቀመጠ፤ የቤንዚን ጢስና የእሳት ፍንጣሪ ከተገናኙ ሰው ይጎዳሉና። ካንዴላዋ ሰማያዊ ብልጭታ ሰጠች። «እሳት አለ» አለ። ቀጥሎም የካንዴላዋን ጫፍ በጣቱ ዳስሶ አሳየኝ፤ ደረቅ ነበረች። «ይህች ብትርስ ኖሮ ቤንዚኑ በዝቶ አፍኗታል እል ነበር። ብዙ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ እያዞረ በቤንዚን ያሰጥማታል። የእርስዎ ግን ምላሷ ደርቋል፤ ርቧታል። እንግዲህ ምግቡ የት ቦታ እንደ ተያዘ መፈለግ ነው።»

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነበር። እንደ እኔ ወደ አንድ ተጠርጣሪ አልዘለለም፤ ቤንዚኑ ከሞተሩ አፍ ጀምሮ እስከ መነሻው ያለፈበትን መንገድ ወደ ኋላ እየተከተለ፣ በአውጫጭኝ እንደሚቀመጡ የአገር ሽማግሌዎች፣ በመንገዱ ያሉትን ሁሉ በየተራ ጠየቀ። ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅሎ አፉን በጣሳ ውስጥ አደረገና ሞተሩን አስዞረ፤ ሁለት ጠብታ ብቻ ወረደ። «ካርቡራቶሩ አልበደለም፤ ያልሰጡትን ከየት ያመጣል?» አለ። ቀጥሎም ወደ ፓምፑ ሄደ። ይህም ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ፣ በውስጡ ያለው ስስ ገበር ከፍ ዝቅ እያለ ቤንዚኑን ከሳልባትዮው የሚያመጣው ዕቃ ነው። መምጠጫውን ቱቦ ነቅሎ ጣቱን በአፉ ላይ አደረገ፤ ሞተሩ ሲዞር ጣቱን ሳበው። እኔም ጣቴን እንዳደርግ አዘዘኝ፤ እኔንም ሳበኝ። «እርሱም ነጻ ነው።»

ከዚያ በኋላ ፊልትሮውን ፈታ። ፊልትሮ ማለት ቤንዚኑን የሚያጠራው ወንፊት ነው፤ የሳልባትዮ ዝገትና የመንገድ አቧራ ሲበዛበት ይደፈናል። በአፉ ቢነፋበት ትንፋሹ ያለ ችግር አለፈ። በውስጡ የተረፈውን ቤንዚን ግን አላፈሰሰውም፤ የሻይ ብርጭቆ አስመጥቶ ቀዳውና በፀሐዩ ፊት ያዘው። «ጌታዬ፣ ውሃ ያሉት ይህን ነው? ቤንዚን ከውሃ ይቀልላል። ውሃ ቢኖርበት ከታች ይተኛል፤ መካከላቸውም እንደ ክር መስመር ይታያል። ጥቂት እንታገሥ።» ታገሥን። ብርጭቆው ከላይ እስከ ታች አንድ መልክ ሆኖ ጠርቶ ቆመ። እኔ ያን ብርጭቆ ሳይ ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ ሲከት ታየኝ፤ ብርዱም ቢሆን ፊቴ ሞቀኝ።

መካኒኩ ሁሉን እንደ ቦታው መልሶ ሞተሩን በማዞር ጊዜ፣ ከሳልባትዮው ወደ ፊልትሮው የሚመጣውን የላስቲክ ቱቦ እንዳይ ጠራኝ። ቱቦው የደረቀ ጡት እንደሚጠባ ጥጃ ጉንጭ ወደ ውስጥ ተጣብቆ ነበር። «አዩ? ፓምፑ ይስባል፤ ከወዲያ ግን የሚለቅለት የለም። ቤንዚኑን ከኋላ የያዘው አለ» ብሎ ወደ ሳልባትዮው አፍ ዞረ። እኔ ያሰርሁት ላስቲክ እንደ ጐደጐደ ድስት ወደ ውስጥ ሰምጦ አገኘነው። መካኒኩም ምንም ሳይናገር ጠፍሩን በቢላዋ ቆረጠ። ያን ጊዜ ሳልባትዮው ሩቅ መንገድ ሄዶ እንደ ደከመ ሰው ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ፤ ድምፁንም ዘበኛው ሳይቀር ሰማው። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ባዞር መኪናይቱ ተነሣች።

«ይህን ያሰረ ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ፓምፕ ቤንዚንን የሚስበው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ፓምፑ የሚሠራው ባዶ ቦታ ማበጀት ነው። ቤንዚኑን ወደዚያ ባዶ ቦታ የሚገፋው በሳልባትዮው ውስጥ ከቤንዚኑ በላይ ያለው የአየር ክብደት ነው። ጠላ በገንቦ ሲቀዳ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንገተ ጠባብ ገንቦ በአንድ ጊዜ ሲዘቀዘቅ ጉልጉል እያለ የሚታነቀው፣ በወጣው ጠላ ፋንታ አየር ለመግባት ስለሚታገል ነው። አየር ከቶ የማይገባበት ዕቃም ያለውን መስጠት አይችልም። ስለዚህ የሳልባትዮ ክዳን ቤንዚን እንዳይፈስስ ይከድናል እንጂ ትንፋሽ አይከለክልም፤ ቀጭን ቀዳዳ ወይም አየር የምታስገባ ትንሽ መዝጊያ አለችው። እኔ ያሰርሁት ግን ይህ ሁሉ አልነበረውም። ትናንት በመንገድ ስንሄድ ቤንዚኑ በጐደለ መጠን ውስጡ ባዶ ሆነና መኪናይቱ ቆመች፤ ባረፍን ጊዜ በጭላንጭል ጥቂት አየር ገባና ተነሣች። በሌሊት ደግሞ ብርዱ በሳልባትዮው ውስጥ ያለውን አየርና የቤንዚን እንፋሎት ስላሳነሰው ይበልጥ ታነቀች። ጧት ፈጥና መነሣቷ በካርቡራቶሩ ጽዋ ውስጥ በተረፈው ቤንዚን ነው፤ እርሱ ሲያልቅ ጠፋች። በዚህ ላይ ደብረ ብርሃን ከፍ ያለ አገር ስለሆነ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳር ካለው ከዐሥር እጅ ሰባት እጅ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚኑን የሚገፋው ክንድ ገና ከመነሻውም የሳሳ ነውና፣ የደጋ መኪና መታፈንን የምትችለው በጥቂቱ ነው።

ይሁን እንጂ አየር ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። በናፍጣ በሚሠሩት መኪኖች ዘንድ፣ በስንጥቅ ቱቦ አየር ወደ ናፍጣው መንገድ ከገባ ሞተሩ አይነሣም፤ መካኒኩ ቡሎኑን አላልቶ አረፋው እስኪያልቅ በእጅ ፓምፕ ማስወጣት አለበት። እንግዲህ አየር በሳልባትዮው ላይ ሕይወት፣ በቱቦው ውስጥ ሞት ነው። አዲሶቹ የቤንዚን መኪኖች ደግሞ ፓምፓቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራና በሳልባትዮው ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ የእነርሱ መካኒክ በመጀመሪያ ቁልፉን ከፍቶ የፓምፑን ጕርምርምታ ያዳምጣል። ድምፅ ከሌለ ቫልቮላውንና ሽቦውን፣ ድምፅ ካለ ፊልትሮውንና የቤንዚኑን ግፊት ይመረምራል። መሣሪያው ይለያያል፤ የምርመራው ሥርዐት ግን ያው ነው።

መካኒኩ ከዕቃው ክምር ልክ የሚሆን አሮጌ ክዳን እስኪፈልግልኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ኀፍረት የያዘው ሰው ልቡ ወደ ሩቅ ይሸሻልና፣ ቀድሞ ያነበብሁት ትዝ አለኝ። በ1880 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን በ1888፣ ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በጀርመን አገር በርታ ቤንዝ የተባለች ሴት ባሏ ካርል ቤንዝ የሠራውን መኪና ሳታስፈቅደው ወስዳ፣ ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም፣ ወደ እናቷ ቤት ነዳችው። በመንገድ ላይ የነዳጁ ቱቦ ተደፈነ። ሴትዮዋም መኪናውን ወይም ልጆቿን አልረገመችም፤ ቱቦውን አይታ፣ የተደፈነበትን ቦታ ዐውቃ፣ በባርኔጣዋ መርፌ ጠርጋ አስነሣችው። ነዳጁ ባለቀም ጊዜ ቪስሎህ በተባለች ከተማ ከመድኃኒት ቤት ገዛች፤ በዚያ ዘመን ማደያ አልነበረምና። ወደ እኛም አገር ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ነድቶ አምጥቷል። በዚያው ዘመን በአሜሪካ መሠራት የጀመረው የፎርድ መኪና ደግሞ ፓምፕ አልነበረውም፤ ቤንዚኑ ከመቀመጫው ሥር በራሱ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ስለዚህ ቤንዚኑ ባነሰ ጊዜ ባለ መኪናው ዳገቱን ወደ ኋላ እየነዳ ይወጣው ነበር ይባላል፤ ሳልባትዮው ከሞተሩ ከፍ እንዲል ነው። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ከመኪናቸው ጋር የተግባቡት ቤንዚኑ በየት እንደሚያልፍ ስላወቁ ነው። እኔ ግን ለብዙ ዓመት ስነዳ ይህን አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም።

«ልጁስ?» አለኝ መካኒኩ ክዳኑን ገጥሞ ሲጨርስ። ይህን ብቻ ነው ያለኝ፤ በቂም ነበር።

ወደ መነኸሪያው ሄድሁ። ልጁን ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። በአገራችን ልማድ ታናሽ ታላቁን ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት የተለመደ ነው፤ ታላቅ ታናሹን፣ ያውም በሰው ፊት፣ ሲጠይቅ ግን ብዙ አይታይም። እግሬም ምላሴም ከበደኝ። ነገር ግን የከሰስሁት በሰው ፊት ስለሆነ፣ ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን ይገባዋል ብዬ ገባሁና «ልጄ፣ ያለ ምስክር ፈረድሁብህ። በደለኛው እኔ ነኝ። መኪናይቱን ያነቅኋት እኔ፣ አንተ ያላላኸው ልክ ነበር። ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም ደንግጦ ተነሣና ጕልበቴን ሊስም ጐነበሰ። «ጋሼ፣ እባክዎ እንዲህ አይበሉ» አለ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶም «ደረሰኙን ግን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል» አለኝ።

ይህ ቃል ከወቀሳ ሁሉ ይልቅ ልቤን ወጋው። ይቅርታ መጠየቄ መልካም ነው፤ እርሱ የሚሻው ግን መጀመሪያ የተነፈገውን፣ ማለት መታየትን ነበር። መነጽሬን አውጥቼ ደረሰኙን ከላይ እስከ ታች፣ ቀኑን፣ ሊትሩን፣ ዋጋውን ድምፄን አሰምቼ አነበብሁ። አንድ ሳንቲም የጐደለ አልነበረም።

አንኮበር ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። ይህች አገር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ሆና ብዙ ዘመን የኖረች፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ የሩቅ አገር መልእክተኞች ሳይቀሩ ደጅ የጠኑባት፣ ብዙ ሙግት የተሰማባት ናት። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቆዩኝ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብቻዋ ተቀምጣለች። እኔም ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ፍርድ በልቤ ነበረ፤ ነገር ግን አፌን ልከፍት ስል ያ የጠራ ብርጭቆ ታየኝና ተውሁት። በፍርዱ ፋንታ ጥያቄ ጀመርሁ። በሬዎቹ የተሸጡት በየትኛው ገበያ ነው? የገዛው ማን ነው? ገንዘቡን የቈጠረ ማን ነው? ማን ይዞት ገባ? ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ ማን አየ? ከዚያ ቀን እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ አጎቴ ወዴት ወዴት ሄደዋል? ገንዘቡን እንደ ቤንዚኑ በመንገዱ ሁሉ ተከተልነው። ገንዘቡ ሣጥን እንደ ገባ ልጆቹም መሰከሩ። በሦስተኛው ቀን ግን አጎቴ ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር ወደ ጎረቤላ ወርደው ነበር። ያ ጎረቤት ግን በዚህ ሁሉ ወራት አንድም ሰው አልጠየቀውም።

በዚያ ቀን አልፈረድንም፤ በሳምንቱ ቀጠርን። በቀጠሮው ሰውዬው ቀርቦ፣ አጎቴ ለሕክምና ተበድረውት የነበረውን የቆየ ዕዳ በፊቱ እንደ ከፈሉ መሰከረ። አበዳሪውም ተጠርቶ አመነ፤ ወረቀቱንም አሳየ። ከዕዳው የተረፈው ትንሽ ገንዘብ በቀብራቸው ጊዜ እንደ ወጣ ሒሳቡ ተገኘ። ልጆቹ ተነሥተው ከእንጀራ እናታቸው እግር ላይ ወደቁ። እርሷ ግን ለረጅም ጊዜ አለቀሰች እንጂ አልተናገረችም፤ በዚያ ሁሉ ወራት ሌባ ስትባል ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ ስታበላቸው ኖራለችና። እኔም የቅዳሜዋ ጧት መኪና ደኅና ተነሥታ በ4 ሰዓት ደርሼ ቢሆን ኖሮ ምን እፈርድባት እንደ ነበር ሳስብ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ደስታዬ ከፍርሃት ጋር የተቀላቀለ ነው።

በ1916 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በመንግሥት ተከልክሏል። ስለዚህ የካርቡራቶርና የፊልትሮ ዕውቀት ከአሮጌዎቹ መኪኖች ጋር አንድ ቀን ያልፍ ይሆናል። የኤሌክትሪኩም መኪና ቢሆን አንድ ጧት አልነሣም የሚልበት ቀን አይጠፋም፤ ባለቤቱም ያን ጊዜ ወይ ይመረምራል፣ ወይ አጠገቡ የቆመውን ሰው ይከስሳል።

አባቶቻችን «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ያሉት ለዚህ ነው። እኔም ያችን ከጎማ የቆረጥሁትን ጠፍር አልጣልኋትም፤ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለች። ለሽምግልና በተጠራሁ ቁጥር፣ ከቤቴ ሳልወጣ መሳቢያውን ከፍቼ አያታለሁ።